ባዮፕሲ ተሠርቶ ካንሰር ከተባለ በኋላ ሌላ ምርመራ ለምን? ስለ ኬራቲን ምልክት

የዛሬው ጽሑፍ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተረጋግታችሁ አንብቡት።

ባለፈው ሚያዝያ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ። የደወለልኝ ከመተማ ዮሐንስ ነው፤ ቀደም ሲል በዚያ ቆላ ስሠራ የማውቃቸው የአንድ ሰሊጥ አምራች ልጅ። «ዶክተር፣ በሌሊት ስለደወልኩ ይቅርታ። አባቴን አንገታቸው ላይ ያበጠውን ቆርጠው መረመሩላቸው፣ ካንሰር ነው አሉን። እሺ ብለን ተቀበልን። አሁን ደግሞ ሥጋው አዲስ አበባ ተልኮ ሌላ ምርመራ ይሠራበት፣ ይህን ያህል ብር አምጡ ይሉናል። ካንሰር መሆኑን ካወቁ ምን ቀራቸው? የተቀመጠውን ሰሊጥ ሸጠን ጨረስን እኮ። እያታለሉን ይሆን?»

ይህ ጥያቄ የእሱ ብቻ አይደለም። በውስጥ መስመር ከምትልኩልኝ ጥያቄዎች መካከል ደጋግሞ የሚመጣ ነው። ስለዚህ ቤተሰቡን አስፈቅጄ፣ ስማቸውንና ማንነታቸውን ሳልጠቅስ፣ በእሳቸው ታሪክ ላስረዳችሁ።

ለልጁ የሰጠሁት መልስ ይህ ነበር፦ አያታልሏችሁም። «ካንሰር» የአንድ በሽታ ስም አይደለም፤ የብዙ በሽታዎች የጋራ ስም ነው። የመጀመሪያው ባዮፕሲ «ይህ ነገር አደገኛ ነው» ብሏችኋል። የቀረው ጥያቄ «ከየት የመጣ ነው?» የሚለው ነው። መድኃኒቱ የሚመረጠው ደግሞ በዚህኛው መልስ ነው። አንዱ ዓይነት በኬሞ ብቻ ሊድን ይችላል፣ አንዱ ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል፣ አንዱ በሆርሞን መድኃኒት ይያዛል። ሳይለዩ ኬሞ መጀመር የበሽታውን ስም ሳያውቁ ከፋርማሲ መደርደሪያ ያገኙትን መዋጥ ነው።

ፓቶሎጂስቱ ይህን ለመለየት መጀመሪያ ከሚጠይቃቸው ምልክቶች አንዱ ኬራቲን ነው።

ኬራቲን? የፀጉር ቤቱ?

አዎ፣ እህቶቼ፣ የፀጉር ቤቱን ነው ያስታወሳችሁት አይደል? ስሙ አንድ ነው። ፀጉር፣ ጥፍር፣ የከብት ቀንድና ሰኮና የተሠሩት ከኬራቲን ነው። (እግረ መንገዴን ልንገራችሁ፦ «ኬራቲን» ተብለው ፀጉር ለማለስለስ የሚቀቡ ብዙ ምርቶች በካውያ ሲሞቁ ፎርማልዴሃይድ የተባለ ጋዝ ይለቃሉ። ይህ ኬሚካል በዓለም አቀፉ የካንሰር ጥናት ተቋም በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ተረጋግጦ የተመዘገበ ነው። ዓይናችሁ ሲያለቅስና ጉሮሯችሁ ሲቃጠል ምክንያቱ እሱ ሊሆን ይችላል። ይህን ኬሚካል ዝቅ ብላችሁ በሌላ ሥራው ደግሞ ታገኙታላችሁ።)

ኬራቲን ግን ፀጉር ላይ ብቻ ያለ ነገር አይደለም። የቆዳችን፣ የአፋችን፣ የጉሮሯችን፣ የአንጀታችን፣ የሳንባ ቧንቧችን፣ የጡት ቱቦዎች፣ የጉበትና የኩላሊት ሕዋሳት በውስጣቸው ቀጫጭን የኬራቲን ክሮች አሏቸው። የጎጆ ቤት ግድግዳ በጭቃ ብቻ አይቆምም፣ ውስጡ ማገር አለው። ኬራቲን የሕዋሱ ማገር ነው። በሰው አካል ውስጥ 54 የኬራቲን ጂኖች አሉ፤ ፕሮቲኖቹም ለብቻቸው አይሠሩም፣ እንደ ቀንበር በሬ ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው። ኬራቲን 8 ከኬራቲን 18 ጋር፣ ኬራቲን 5 ከኬራቲን 14 ጋር፣ ኬራቲን 1 ከኬራቲን 10 ጋር። የትኛው ጥንድ የት የአካል ክፍል እንደሚገኝ በአብዛኛው ይታወቃል። ጀርመናዊው ሮላንድ ሞል ከነቨርነር ፍራንከ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1982 የሰውን ኬራቲኖች ከ1 እስከ 19 ቁጥር ሰጥቶ መዝገብ አወጣላቸው። ዛሬ በላብራቶሪ ውጤታችሁ ላይ «ሲኬ 7»፣ «ሲኬ 20» ተብሎ የምታዩት ቁጥር ከዚያ መዝገብ የተወለደ ነው።

አሁን ዋናው ነጥብ። የደም ሕዋሳት፣ የንፍፊት ሕዋሳት፣ ጡንቻ፣ አጥንትና ስብ በተለመደው ሁኔታ ይህ ነው የሚባል ኬራቲን የላቸውም። የአካልን ገጽና ቱቦ የሚሸፍኑት ሕዋሳት ግን አላቸው። ከእነዚህ ሸፋኝ ሕዋሳት የሚነሳውን ካንሰር «ካርሲኖማ» እንለዋለን፤ የጡት፣ የማኅፀን በር፣ የአንጀት፣ የፕሮስቴት፣ የጉሮሮ ካንሰር በብዛት በዚህ ቤት ውስጥ ናቸው። ሕዋሱ ካንሰር ሆኖ መልኩ ቢበላሽ እንኳ፣ ከተነሳበት ቦታ ርቆ ጉበት ወይም አንገት ላይ ቢሰፍር እንኳ፣ ኬራቲኑን አብዛኛውን ጊዜ ይዞ ይሄዳል።

መተማን የምታውቁ ይህ ይገባችኋል። ሰሊጥ አረምና አጨዳ ሲደርስ ከጎጃም፣ ከጋይንት፣ ከወሎ፣ ከየት የማይመጣ ሠራተኛ አለ? ሁሉም ያው ሸራ ሥር ያድራል፣ ልብሱም በዋልካው አፈር አንድ ዓይነት ይሆናል። አፉን ሲከፍት ግን የየት አገር ሰው እንደሆነ በአነጋገሩ ታውቁታላችሁ። ኬራቲን የካንሰር ሕዋስ አነጋገር ነው ብላችሁ ያዙት።

ምርመራው እንዴት ይሠራል?

በመተማ የኖረ ሰው የካላዛርን ፈጣን ምርመራ ያውቃል፤ ጣት ተወግቶ ጠብታ ደም ወረቀት ላይ ይደረግና መስመር ይጠበቃል። ስሙ አር ኬ 39 ነው። (እዚያ ላይ ያለችው «ኬ» ኬራቲን አይደለችም፤ ካይኔሲን ከሚባል የጥገኛ ተሕዋሲው ፕሮቲን ጋር ተዛማጅ ከሆነ ነገር የመጣች ናት። አንድ ተማሪዬ አንዴ አምታቷት ስለነበር ነው የማነሳው።) በዚያ ወረቀት ላይ የተለጠፈው የጥገኛ ተሕዋሲው ፕሮቲን ነው፤ የምንፈልገው ደግሞ ሰውነታችሁ በሽታውን ለመዋጋት የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል፣ ማለትም አንቲቦዲ።

የኬራቲን ምርመራ ይህንኑ መገልበጥ ነው። እዚህ አንቲቦዲው በእኛ እጅ ያለ፣ በላብራቶሪ የተመረተ ነው፤ የምንፈልገው ፕሮቲኑን ነው። ኬራቲንን ብቻ ለይቶ የሚይዝ አንቲቦዲ ሥጋው ላይ እናፈሳለን፤ ኬራቲን ካለ ይጣበቃል፣ ከሌለ ታጥቦ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ንጹሕና አንድ ወጥ አንቲቦዲ በብዛት ማምረት የተቻለው ኮህለርና ሚልስታይን እ.ኤ.አ. በ1975 ባገኙት ዘዴ ነው፤ በ1984 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል።

ሥራው እንዲህ ነው። የተቆረጠው ሥጋ ፎርማሊን ውስጥ ይገባል። ፎርማሊን ማለት ያ የፀጉር ቤቱ ፎርማልዴሃይድ በውኃ ውስጥ ሟሙቶ ነው፤ እዚህ ግን ሥራው ሕዋሱ እንዳይበሰብስ ባለበት ማቆም ነው። ከዚያ ሥጋው ሰም ውስጥ ይቀበርና ትንሽ ኩብ ይሆናል፤ «ብሎክ» የምንለው እሱን ነው። ከብሎኩ ከ3 እስከ 4 ማይክሮሜትር ውፍረት ያለው ቅጠል ይላጣል። ፀጉራችሁ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይወፍራል። ቅጠሉ መስታወት ላይ ተለጥፎ፣ ፎርማሊን የሸፈነውን ፕሮቲን ለመግለጥ በፈሳሽ ውስጥ ይፈላል፣ ከዚያ አንቲቦዲው ይጨመራል፣ ቀጥሎ አንቲቦዲውን የሚይዝ ሌላ ባለ ኢንዛይም አንቲቦዲ፣ በመጨረሻም ኢንዛይሙ ሲነካው ቡናማ የሚሆን ቀለም። ማይክሮስኮፕ ሥር ኬራቲን ያለበት ሕዋስ ቡናማ ሆኖ ይታያል፣ ሌላው ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። ጠቅላላ ስሙ ኢሚውኖሂስቶኬሚስትሪ ይባላል፤ ላብራቶሪ ውስጥ «አይ ኤች ሲ» እንለዋለን።

ይህን ሁሉ የሚሠራ ማሽን፣ አንቲቦዲና ባለሙያ ያላቸው ተቋማት በአገራችን ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም አዲስ አበባ ናቸው። አንቲቦዲው ከውጭ በምንዛሪ የሚገባ፣ በቅዝቃዜ የሚቀመጥ፣ ቀኑ ካለፈ የሚጣል ነው። ዋጋው ለምን እንደሚከብድ ከዚህ ይገባችኋል። ያማል፣ አውቃለሁ። ግን ማታለል አይደለም።

ወደ አባታችን ልመለስ

ንፍፊታቸው ያበጠው ከሦስት ወር በፊት ነው። ቆላ ነውና በመጀመሪያ የተጠረጠረው የሚገባው ነበር፦ ካላዛር፣ ቀጥሎ የሳንባ ነቀርሳ ዘመድ የሆነው የንፍፊት ቲቢ። የካላዛሩ ምርመራ ነፃ ሆነ፣ ቲቢውም አልተገኘም። እብጠቱ ግን እንቁላል አከለ። በመርፌ ተወስዶ ሲታይ «አደገኛ ሕዋስ አለ» ተባለ፣ ከዚያ ተቆረጠ። የባዮፕሲው ውጤት «ዓይነቱ ያልተለየ አደገኛ እጢ፤ ከሌላ ቦታ የተሰራጨ ካርሲኖማ ሊሆን ይችላል» የሚል ነበር። ይህች «ሊሆን ይችላል» የምትለዋ ቃል ወደ ቤተሰቡ ጆሮ ስትደርስ ጠፍታለች። ቤተሰቡ የሰማው «ተሰራጭቷል» የሚለውን ብቻ ነው። አንድ አጎት «እንግዲህ ሽማግሌውን አናንገላታቸው፣ ቤታቸው ይረፉ» ብሎ ነበር። ክፋት አይደለም፣ ፍቅር ነው። ግን በአንድ ያልተጠና ቃል ላይ የቆመ ውሳኔ ነበር።

ልጁ አመነኝና ብሎኩ ተላከ። በ12ኛው ቀን የመጣው መልስ ግን አንጀቴን ቆረጠው፦ «ናሙናው በአግባቡ ስላልተያዘ ለመተርጎም አያስችልም፤ ባዮፕሲው ይደገም።»

ምን ሆኖ ነው ብዬ ስጠይቅ፣ ሥጋው በተቆረጠበት ተቋም (ስሙን አልጠራም፣ የአንድ ቦታ ችግር ብቻም አይደለም) ፎርማሊን አልቆ ነበር። ለጊዜው ብለው በግሉኮስ መስቀያው ላይ በምታውቁት የጨው ውኃ ውስጥ አስቀመጡት። መኪና እስኪገኝ ሁለት ቀን አደረ። በሚያዝያ፣ መተማ፣ ከ40 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት! ሕዋሱ ራሱን በራሱ አሟሟ። ኬራቲን ጠንካራ ፕሮቲን ነው፣ ብዙ ይታገሳል፤ የሞተ ሥጋ ግን ቀለሙን ያለ አግባብ ይጠጣል። መስታወቱ ላይ እዚህም እዚያም የቆሸሸ ቡናማ ነገር ታየ። ቸኩሎ የሚያነብ ሰው «ኬራቲን አለው፣ ካርሲኖማ ነው» ብሎ ሊጽፍ ይችል ነበር። ያ ፓቶሎጂስት አልጻፈም። «አላውቅም፣ ይደገም» ብሎ መጻፍ ድፍረት ይጠይቃል፤ ሳላገኘው አክብሬዋለሁ።

ሽማግሌውን ለሁለተኛ ጊዜ ለመቆረጥ ማሳመን ቀላል አልነበረም። «ልጄ፣ ሥጋዬን በየከተማው በተናችሁት» አሉኝ በስልክ። ምን ልበላቸው? ጎንደር መጥተው ተቆረጡ፤ በዚያው ደቂቃ ፎርማሊን ውስጥ ገባ።

ሁለተኛው ውጤት፦ ኬራቲን የለም። አብሮ የተቀባው መቆጣጠሪያ ናሙና ላይ ቡናማው ቁልጭ ብሎ ወጥቷል፣ ስለዚህ ምርመራው ሠርቷል፤ የአባታችን እጢ ላይ ግን ኬራቲን የለም። በሌላ በኩል የነጭ ደም ሕዋስ ምልክት የሆነው ሲዲ 45 ደማቅ ቡናማ። ቢ ሕዋስ የሚባለውን የሚለየው ሲዲ 20ም እንዲሁ። የሜላኖማ ምልክቶች የሉም። ስለዚህ ከሌላ ቦታ የተሰራጨ ካርሲኖማ አልነበረም። የንፍፊት ካንሰር፣ ሊምፎማ፣ ያውም ትልልቅ ቢ ሕዋስ የሚባለው ዓይነት ነው።

ልዩነቱ ምንድን ነው? የመጀመሪያው ግምት ትክክል ቢሆን ምንጩ ያልታወቀ የተሰራጨ ካርሲኖማ ይሆን ነበር፤ ለአብዛኛው ታካሚ የምናደርገው ዕድሜ ማራዘምና ሕመም ማስታገስ ነው። ይህኛው ሊምፎማ ግን በፍጥነት የሚያድግ ቢሆንም፣ ተሰራጭቶ ቢገኝ እንኳ፣ ብዙ ሰው ፈጽሞ የሚድንበት ነው። ሕክምናው «ቾፕ» የሚባል የአራት መድኃኒቶች ጥምር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በየ21 ቀኑ ስድስት ዙር ይሰጣል፣ ሲገኝና አቅም ሲኖር ሪቱክሲማብ ይጨመርበታል። ከመጀመሩ በፊት የኤችአይቪ፣ የሄፓታይተስ ቢ እና የልብ ምርመራ ይደረጋል። ካርሲኖማ ነው ብለን በሌላ መድኃኒት ጀምረን ቢሆን ኖሮ ያንን ጊዜ እናባክን ነበር።

ቡናማ ሲሆንስ?

በሌሎች ታካሚዎች ኬራቲኑ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ያኔ ጥያቄው «የትኛው ኬራቲን?» ይሆናል። መጀመሪያ የሚቀባው ኤ ኢ 1/ኤ ኢ 3 የሚባል፣ ብዙ ኬራቲኖችን በአንድ ላይ የሚይዝ ድብልቅ ነው፤ ከዚያ ወደ ተናጠል ቁጥሮች ይወረዳል። ጉበት ላይ እባጭ ተገኝቶ ኬራቲን 20 ኖሮት ኬራቲን 7 ከሌለው አንጀትን ፈትሹ ማለት ነው። ኬራቲን 7 ኖሮት 20 ከሌለው ጡት፣ ሳንባ ወይም እንቁልጢ ይታሰባል። የፕሮስቴትና የጉበት የራሱ ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም የላቸውም። ኬራቲን 5 እና 6 ደግሞ እንደ ጉሮሮና ማኅፀን በር ወዳለ ቦታ ይጠቁማል። «አብዛኛውን ጊዜ» የምትለዋን አትዝለሏት፤ እንደ መንገድ ጠቋሚ እንጂ እንደ መታወቂያ ካርድ አይደለም።

ፕሮስቴት ላይ ነገሩ ይገለበጣል፣ እኔ ተማሪ ሳለሁ በጣም የገረመኝ ይህ ነው። ጤናማ የፕሮስቴት ዕጢ ዙሪያውን ኬራቲን 5 እና 14 ባላቸው ሕዋሳት ይከበባል፤ ሲቀባ እንደ አጥር ቡናማ ቀለበት ይሠራል። ካንሰር ሲሆን አጥሩ ይጠፋል። ስለዚህ እዚህ ላይ የሚያስደነግጠን የቡናማው አለመኖር ነው። ውጤታችሁን ራሳችሁ ኢንተርኔት ላይ እየፈለጋችሁ «ፖዘቲቭ ስለሆነ መጥፎ ነው፣ ኔጌቲቭ ስለሆነ ጥሩ ነው» የምትሉ ይህንን አስታውሱ። ጤናማ ቆዳችሁም ቢቀባ ኬራቲን «ፖዘቲቭ» ነው!

ኬራቲን ሊያሳስትም ይችላል። አንዳንድ ከሥጋና ከመገጣጠሚያ አካባቢ የሚነሱ ሳርኮማዎች፣ አልፎ አልፎም ሊምፎማዎች ኬራቲን ያሳያሉ። ለዚህ ነው አንድ ምልክት ብቻ የማይቀባው፤ ከአራት እስከ ስምንት ምልክቶች በአንድነት ይጠየቃሉ፣ ሒሳቡም በዚያው ልክ ከፍ ይላል። ሐኪማችሁን «መጀመሪያ የትኞቹን ሠርታችሁ ማየት ይቻላል?» ብላችሁ ብትጠይቁ ነውር የለውም። በሁለት ዙር መሥራት አንዳንዴ ወጪ ይቀንሳል።

ተመራማሪዎችስ ምን ያደርጉበታል?

በዓለም ላይ በካንሰር ምርምር ላብራቶሪዎች ኬራቲን የዕለት ተዕለት መሣሪያ ነው። በብልቃጥ የሚያድጉ ሕዋሳት የእውነት ከጡት ቱቦ የመጡ ናቸው ወይስ ሌላ ሕዋስ ተቀላቅሎ ዋጣቸው? ኬራቲን ቀብተው ያረጋግጣሉ። የሞቱ የካንሰር ሕዋሳትን ለመቁጠርም ይጠቅማል፦ ሕዋስ ራሱን ሲያጠፋ ኬራቲን 18ን የተወሰነ ቦታ ላይ ይቆርጠዋል፤ ያቺን የተቆረጠች ጫፍ ብቻ የሚይዝ አንቲቦዲ አለ፣ ስለዚህ መድኃኒቱ እየገደለ መሆኑ ይታያል።

ከሁሉም እኔን የሚማርከኝ በደም ውስጥ የሚዞሩ የካንሰር ሕዋሳትን ማደን ነው። በ7.5 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ፣ በቢሊዮን ከሚቆጠሩ የደም ሕዋሳት መሀል፣ ኬራቲን ያለውና ሲዲ 45 የሌለው ሕዋስ ይፈለጋል። ደም ውስጥ ኬራቲን ያለው ሕዋስ መንገደኛ ነው፣ ቤቱ እዚያ አይደለምና። እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ ጥናት፣ የተሰራጨ የጡት ካንሰር ካላቸው ሴቶች መካከል በዚያ መጠን ደም ውስጥ 5 እና ከዚያ በላይ እንዲህ ያለ ሕዋስ የተገኘባቸው በሽታው ቶሎ እንደሚብስባቸው ታይቷል። በ2013 ደግሞ ኬቪን ቹንግና አንድሩ ኢዋልድ የጡት ካንሰር ሕዋሳት ተያይዘው ወደ ጎረቤት ሥጋ ሲገቡ፣ ከፊት ሆነው የሚመሩት ኬራቲን 14 ያላቸው መሆናቸውን አሳዩ። ይህ ሁሉ ገና ወደ እኛ ታካሚ አልጋ በስፋት አልደረሰም፤ አቅጣጫውን እንድታውቁት ነው።

«ታዲያ በደም ምርመራ ኬራቲን ታይቶ ካንሰር እንዳለብኝ ማወቅ እችላለሁ?» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ሳይፍራ 21-1 የሚባል፣ የኬራቲን 19ን ስባሪ በደም የሚለካ ምርመራ አለ። በሳንባ ካንሰር የተያዘ ሰው ሕክምናውን ለመከታተል ሊያግዝ ይችላል። ለጤነኛ ሰው «ቼክ አፕ» ግን አይሆንም፤ በሌሎች የሳንባ ሕመሞችና በኩላሊት ድካምም ከፍ ይላል፣ ካንሰር ኖሮም ዝቅ ብሎ ሊገኝ ይችላል። ገንዘባችሁን አታጥፉበት።

ናሙናችሁን እንዴት ትጠብቁት?

ይህንን ክፍል ሴቭ አድርጉት፣ ክፍለ ሀገር ላለ ዘመድም ላኩለት። ሥጋ ከመቆረጡ በፊት «ፎርማሊን አለ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ከሌለ ቀድሞ ይገዛ ወይም ቀጠሮው ይቆይ። ትክክለኛው 10 በመቶ የሆነው፣ አሲድነቱ የተስተካከለው ፎርማሊን ነው። መጠኑ ከሥጋው ቢያንስ 10 እጥፍ ይሁን፣ ዕቃውም አፈ ሰፊ። በጠባብ አፍ ጠርሙስ ሥጋው ተጨምቆ ይገባል፣ ከደረቀ በኋላ አይወጣም። አልኮል፣ አረቄ፣ የጨው ውኃ፣ ፍሪዘር፣ እነዚህ የፎርማሊን ምትክ አይደሉም። ስምና የተቆረጠበት ሰዓት ክዳኑ ላይ ሳይሆን ዕቃው ላይ ይጻፍ፣ ክዳን ይቀያየራላ! ፎርማሊን ውስጥ ከ6 ሰዓት ያላነሰ፣ ከ72 ሰዓት ያልበለጠ ቢቆይ ጥሩ ነው፤ ከመተማ በገንዳ ውሃና በአይከል አድርጎ ጎንደር ለመድረስ መንገዱ ሰላም ከሆነ ቀኑ ይበቃል፣ ስለዚህ ለመኪናው አስቀድማችሁ አስቡ።

ለጤና ባለሙያ ወንድም እህቶቼ አንድ ቃል፦ ቆላ ላይ ንፍፊት ስትቆርጡ ቲቢ ሁሌም በሐሳባችሁ ይኑር። ሁሉንም ፎርማሊን ውስጥ አትክተቱት፣ ባክቴሪያውን ይገድለዋል። ትንሽ ቁራጭ በንጹሕ የጨው ውኃ ለጂን ኤክስፐርትና ለካልቸር ለዩ፣ የቀረው ወዲያው ፎርማሊን ይግባ። የአባታችን ሥጋ ላይ የተሠራው ስሕተት የዚህ ግማሹ ነበር።

ሌላ ከተማ ስትሄዱ የተጻፈውን ውጤት ብቻ ሳይሆን ብሎኩን ፈርማችሁ መውሰድ እንደምትችሉ ጠይቁ። ብሎክ ዓመታት ይቆያል፤ ነገ አዲስ ምርመራ ቢመጣ ድጋሚ ከመቆረጥ ያድናችኋል። ግን ሰም መሆኑን አትርሱ። ከ56 እስከ 60 ዲግሪ ሲደርስ ይቀልጣል። ቆላ ላይ ፀሐይ ውስጥ የቆመ መኪና ዳሽቦርድ ከዚያ ሊበልጥ ይችላል። በጨርቅ ጠቅልላችሁ ቦርሳችሁ ውስጥ፣ ጥላ ሥር ያዙት።

አባታችን ሦስተኛውን ዙር ጨርሰዋል። የአንገታቸው እብጠት በእጅ ሲዳሰስ አይገኝም፤ ፀጉራቸው ግን ረግፏል፣ እሱን ቆብ ሸፍኖታል። ሦስት ዙር ይቀራቸዋል፣ ከዚያ ሲቲ ስካን አይተን እንነጋገራለን። ልጁ ባለፈው ሳምንት ደውሎ የጠየቀኝ፣ ብሎኩን እናቱ ከሰነድ ሣጥኑ ውስጥ ከመሬት ግብር ደረሰኞች ጋር ቆልፋ አስቀምጣዋለች፣ ችግር አለው ወይ ብሎ ነው። ሣጥኑ ፀሐይ እስካልመታው ድረስ ችግር የለውም አልኩት።

የባዮፕሲ ወይም የአይ ኤች ሲ ውጤት ኖሯችሁ ያልገባችሁ ነገር ካለ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፣ በየተራ እመልሳለሁ። ፎቶ ስታነሱ ስማችሁንና የካርድ ቁጥራችሁን ሸፍኑ፤ ናሙናው መቼ እንደተቆረጠና በምን ውስጥ እንደተቀመጠ ካወቃችሁም ጻፉልኝ።